ብሉቤሪ በደብረ ብርሃን ጓሮ፦ ብርዱን ተዉት፣ አፈሩን ጠይቁ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የብሉቤሪ (የዚያች ትንሽዬ ሰማያዊ ፍሬ) ወሬ ከተነሳ መልሱ ሁሌም አንድ ነው። «እዚህማ ብርድ ሞልቶ! የፈረንጅ ፍሬ ብርድ ይወዳል፣ ምን ይሆናል?» እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የገባሁበት። ሁለት ችግኝ አገኘሁ። ጓሮ ቆፈርኩ፣ ፍግ ጨመርኩ፣ በመጋቢት ተከልኩ። እማዬ ደግሞ ከምድጃ አመድ ዝቃ መጥታ ዙሪያውን ነሰነሰችበት። ለጎመንም ለቃሪያም የምታደርገው ይህንኑ ነው፣ ደግሞም ይሆንላታል።

ሰኔ ሳይገባ ሁለቱም ቢጫ ሆነው ደረቁ። ያኔ ብርድ የሚባል ነገር አልነበረም። የገደልናቸው እኛ ነን፣ ያውም በእንክብካቤ።

ምን እንዳጠፋን የገባኝ ቆይቶ ነው። ነገሩ ከተክሉ ዘር ይጀምራል። ብሉቤሪ በስሙ ከእንጆሪ ጋር ይምታታል እንጂ ዝምድና የለውም። አጥር ላይ የምንለቅመው እሾሃሙ እንጆሪና ቀጋ የጽጌረዳ ወገን ናቸው። ብሉቤሪ የአስታ ዘመድ ነው። መንዝ የወጣ ሰው አስታን ያውቀዋል። ጓሳ ላይ ብርዱን ችሎ የሚቆመው፣ ቅጠሉ እንደ መርፌ የደቀቀ፣ ጥቃቅን ነጭ ደወል የሚመስል አበባ የሚያወጣው ቁጥቋጦ ነው። የብሉቤሪም አበባ ደወል ነው። ይህ ቤተሰብ በአብዛኛው ድሃና ኮምጣጣ አፈር ላይ መኖር የለመደ ነው። ሌሎች ተክሎች ውሃና ምግብ የሚለቅሙበት የሥር ፀጉር ብሉቤሪ የለውም። ሥሩ ስስና ጥልቀት የሌለው ነው። በዚያ ላይ ከሥሩ ጋር የሚኖር ፈንገስ ምግብ በመልቀም ያግዘዋል። ድህነትን የለመደ ተክል ነው ማለት ነው። ድግስ ስታቀርቡለት ይታመማል።

(እንግዲያው ከጓሳ አፈር ላምጣ ያለ ሰው ካለ፣ ተው። ያ ቦታ ሕዝቡ ለዘመናት በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ ነው። ለጓሮ ብሉቤሪ አይቆፈርም።)

ሚስጥሩ ለፈረንጆቹም ቢሆን የቆየ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ብሉቤሪ ከጫካ የሚለቀም ፍሬ ነበር። ገበሬው ጥሩ ማሳው ላይ ሲያመጣው ይሞትበታል። ፍሬድሪክ ኮቪል የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ ተክሉ ኮምጣጣ አፈር እንደሚፈልግ አሳይቶ በ1910 ጻፈ። በቀጣዩ ዓመት ኤልዛቤት ኋይት የምትባል የኒው ጀርሲ የእርሻ ባለቤት ልጅ ጽሑፉን አንብባ አብረን እንሥራ አለችው። በ1916 ለማዳ ብሉቤሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ወጣ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ስለዚህ ይህ ተክል ጓሮ ከገባ ገና መቶ ምናምን ዓመቱ ነው። ከእኛ ጤፍና ገብስ ጋር ሲተያይ የትናንት ልጅ ነው።

ኮምጣጣ ስንል ምን ያህል?

የአፈር ኮምጣጣነት ፒኤች በሚባል መለኪያ ይነገራል። ከ0 እስከ 14 ይቆጠራል። መሃሉ 7 ነው፣ ንጹህ ውሃ እዚያ ይቀመጣል። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ኮምጣጣነቱ ይጨምራል። ወተት ከ7 ትንሽ ዝቅ ይላል። ሎሚ 2 አካባቢ ነው። ጎመን፣ ድንችና ካሮት ከ6 እስከ 7 ባለው አፈር ደስ ብሏቸው ይኖራሉ። ብሉቤሪ የሚፈልገው ከ4.5 እስከ 5.5 ነው።

ከ6.5 ወደ 4.5 ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፣ ምን አላት? ይመስላል። መለኪያው ግን አታላይ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር የ10 እጥፍ ልዩነት ነው። ሁለት ቁጥር 100 እጥፍ ይሆናል። የጎመን መደባችሁ ላይ ብሉቤሪ መትከል ማለት መቶ እጥፍ የኮመጠጠ ነገር የለመደን ሰው አልጫ እያበሉ ማኖር ነው።

ለምን ይሞታል ታዲያ? አፈሩ ኮምጣጣነቱን ሲያጣ በውስጡ ያለው ብረት ይቆለፋል። ብረቱ አለ፣ ሥሩ ግን ሊወስደው አይችልም። ጎተራው ሙሉ ነው፣ ቁልፉ ጠፍቷል። ምልክቱ አይሳትም፦ አዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ይሆናሉ፣ የቅጠሉ ጅማቶች ብቻ አረንጓዴ ሆነው ይቀራሉ። ይህን ያየ ሰው «ርቦት ነው» ብሎ ፍግ ይጨምራል። ፍጉ ጨው አለው፣ ኮምጣጣነቱንም ያበርዳል። ተክሉ ይብስበታል። ሰውየው ደግሞ ይጨምራል። የእኔ ታሪክ ይኸው ነው። የእማዬ አመድማ ቀጥታ መርዝ ነበር፣ ምክንያቱም አመድ ከኖራ ጋር አንድ ሥራ ነው የሚሠራው።

ስለ ኖራ ካነሳን አንድ አስቂኝ ነገር አለ። በአገራችን የኮምጣጣ አፈር ችግር ትልቅ ነው። ጎጃምና ወለጋ ያለው ገበሬ ስንዴው አልሆን ብሎት በኩንታል ኖራ ማሳው ላይ ይበትናል። እኛ እዚህ ጓሯችን ላይ ቁጭ ብለን ተቃራኒውን እንለፋለን።

የሰሜን ሸዋ አፈርስ?

ዞኑ አንድ ዓይነት አይደለም። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር እንኳ አትሞላም፣ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። አፈሩም እንደዚያው ይለያያል። የእነዋሪና የጅሩ ጥቁር ዋልካ ለስንዴና ለምስር ወርቅ ነው። ለብሉቤሪ ግን ሁለት በደል አለበት። ኮምጣጣ አይደለም፣ ክረምት ላይ ደግሞ ውሃ ይዞ ያድራል። የእነዋሪ ገበሬ ይህን ስለሚያውቅ ነው ድሮውኑ በእጁ አፈር እየዛቀ መደብና ቦይ የሚያወጣው። ስንዴው ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ውሃው በቦዩ ይወርዳል። ብሉቤሪም ከዚህ በላይ ይፈልጋል እንጂ አያንስም። ሥሩ ውሃ ውስጥ ከሰነበተ ይበሰብሳል።

አፈርን ማኮምጠጥ ይቻላል። የታወቀው መንገድ ድኝ ነው። የደቀቀ ድኝ አፈር ውስጥ ሲገባ ጥቃቅን ባክቴሪያዎች ቀስ በቀስ ወደ አሲድ ይለውጡታል። ቀስ በቀስ ያልኩት በምክንያት ነው። ወራት ይፈጃል፣ አፈሩም እርጥብና ሞቅ ያለ መሆን አለበት። በደብረ ብርሃን ብርድ ባክቴሪያውም ይሰንፋል። ፒኤችን በ1 ቁጥር ለማውረድ አሸዋማ አፈር በካሬ ሜትር 40 ግራም ገደማ ይበቃዋል። መካከለኛው አፈር 120 ግራም ገደማ ይጠይቃል። ጭቃማው ከዚያም ይበልጣል፣ ጊዜ ቆይቶ ደግሞ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ዋልካ ላይ ከድኝ ጋር ትግል መግጠም ለእኔ ድካም ነው። አልመክርም።

ሌሎች አቋራጮችም ይወራሉ። የቡና አተላ አንዱ ነው። በቀን ሦስቴ ቡና የሚፈላበት አገር ስለሆነ ደስ የሚል ሐሳብ ነበር። ግን ኮምጣጣው ነገር አብዛኛው ወደ ስኒው ወርዷል። አተላው ለገለልተኛ የቀረበ ነው። ከቅጠል ጋር ብስባሽ አድርጉት፣ ከእሱ ሌላ ተአምር አትጠብቁ። የጥድ ቅጠልም እንደዚያው ነው፣ ትኩሱ ኮምጣጣ ነው፣ ሲበሰብስ ግን አፈሩን ያን ያህል አይለውጠውም። አቼቶ አፈር ላይ ማፍሰስ ለጥቂት ቀን ይሠራል፣ ከዚያ ባክቴሪያዎች ይበሉትና አፈሩ ተመልሶ እንደ ድሮው ይሆናል። የባትሪ አሲድ ልሞክር የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አይሞከርም! ዓይን ያጠፋል።

ስለዚህ በርሜል

እኔ የደረስኩበት መደምደሚያ ቀላል ነው። መሬቱን መለወጥ ካልተቻለ መሬቱን መተው ነው። ብሉቤሪ ሥሩ ጥልቀት ስለሌለው በርሜል ውስጥ ደህና ይኖራል። ሲያድግ ከ40 እስከ 60 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ይበቃዋል። ለሁለት የተቆረጠ የፕላስቲክ በርሜል ይሆናል፣ ግን ቀድሞ ምን እንደነበረበት ጠይቁ። ኬሚካል የነበረበትን አትግዙ። ታቹን በደንብ ብሱት። ድንጋይ ላይ አስቀምጡት፣ የክረምቱ ውሃ በነፃ እንዲወርድ። የሲሚንቶ ማሰሮ አያዋጣም፣ ከሲሚንቶው ኖራ እየወጣ ልፋታችሁን ሁሉ ያፈርሰዋል።

የሚሞላው ነገር ላይ ብዙ ሞክሬያለሁ። አሁን የምጠቀመው ግማሹ ዓመት የሰነበተ የፈረንጅ ጥድ ሰጋቱራና የተቆራረጠ ቅርፊት ነው። ሩቡ ከጥድ ሥር የተዛቀ ቅጠላማ አፈር፣ ሩቡ ሻካራ የወንዝ አሸዋ ነው። ትኩስ ሰጋቱራ አታድርጉ። ሲበሰብስ ናይትሮጂኑን ራሱ ይበላዋል፣ ተክሉ ይጾማል። የባህር ዛፍ ሰጋቱራ በከተማው ሞልቷል፣ እኔ ግን አልደፍረውም። ባህር ዛፍ በዘይቱ የሌላውን ተክል እድገት ይይዛል። መድኃኒት የተቀባ እንጨት የሚሰነጠቅበት ቤት ሰጋቱራም ይቅር።

አሸዋው ኖራ እንዳለበት ለማወቅ እፍኝ ወስዳችሁ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ከፈላ ኖራ አለው፣ መልሱት። ካልፈላ ይሆናል። ይህቺ ፍተሻ ሳንቲም አታስወጣም፣ እኔ ግን ሁለት ጆንያ አሸዋ ካፈሰስኩ በኋላ ነው ያወቅኋት።

ከዚያ መለካት ነው። የፒኤች ወረቀት ላብራቶሪ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ አለ። ድብልቁን ከተጣራ ውሃ ጋር በጥብጣችሁ፣ አስተኝታችሁ፣ ወረቀቱን በጠለለው ውሃ ውስጥ ንከሩ። ቁጥሩ ከ5.5 በላይ ከሆነ ትንሽ ድኝ ቀላቅሉና ሁለት ሦስት ወር አቆዩት። እንደገና ለኩ። ችግኙ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ችግኙን ቀድሞ ገዝቶ አፈሩን በኋላ ስለሚያስብ ነው። እኔም ጭምር።

ላዩን በጉዝጓዝ ሸፍኑት። ሦስት አራት ጣት የሚሆን ሰጋቱራ ወይም የደረቀ ቅጠል። ሥሩ ላይ ላይ ስለሆነ ፀሐይ በቀጥታ ካገኘው ይጠበሳል። መኮትኮት የለም። አረሙን በእጅ ንቀሉት።

ውሃው ያላሰባችሁት ጠላት

አፈሩን አስተካክሎ በጉድጓድ ውሃ የሚያጠጣ ሰው በአንድ እጁ የሠራውን በሌላው ያፈርሳል። ማንቆርቆሪያችሁን ክፈቱና እዩ። ውስጡ ነጭ ቅርፊት ከያዘ ውሃችሁ ኖራ አለው። በየቀኑ ስታጠጡ በየቀኑ ትንሽ ኖራ እየጨመራችሁ ነው። በስድስት ወር ውስጥ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ እናንተም «ምን በደልኩት?» ትላላችሁ።

መፍትሔው ቆርቆሮው ላይ ነው፣ የዝናብ ውሃ። ሒሳቡ ደስ ይላል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። ጣሪያችሁ 20 ካሬ ቢሆንና በክረምቱ 500 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 10,000 ሊትር ወርዷል ማለት ነው። አንድ በርሜል ብሉቤሪ በበጋ በቀን 2 ሊትር ቢጠጣ፣ በ8 ወር 480 ሊትር ገደማ ነው። ለሁለት ተክል አንድ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ያደርሳል። በመሃል በልግ ከጣለ ይተርፋል። የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች አሳልፉ፣ የጣሪያውን አቧራ ያጥባሉ። ሮቶ ለሌለው ጄሪካን መደርደርም ይሆናል፣ እኔ የጀመርኩት በዚያ ነው።

ወደ ብርዱ እንመለስ

የመጀመሪያው ግምታችን ግማሽ እውነት አለው። ብሉቤሪ እንቅልፍ ያለው ተክል ነው። አገሩ በረዶ የሚከመርበት ስለሆነ የብርዱ ወቅት ሳያልቅ አብቦ እንዳይቀጭ የብርድ ሰዓት ይቆጥራል። ከ7 ዲግሪ በታች የሆኑ ሰዓቶች ተደምረው ኮታው ሲሞላ ብቻ «አሁን ልነቃ» ይላል። «የሰሜን» የሚባለው የአሜሪካ ዝርያ ከ800 እስከ 1,000 ሰዓት ይፈልጋል። «የደቡብ» የሚባለው፣ ለዚያው አገር ሞቃት ደቡብ የተዳቀለው ዝርያ ግን ከ150 እስከ 500 ባለው ይረካል። ከዚያም በታች የሚበቃቸው አሉ።

ደብረ ብርሃን ስንት ትሰጣለች? በጥቅምት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል። በእያንዳንዱ ሌሊት 6 ሰዓት ከ7 ዲግሪ በታች ቢሆን በ90 ሌሊት 540 ሰዓት ይመጣል። ግን ቀኑ? ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጋቢ አውልቀን ፀሐይ የምንሸሽበት አገር ነው። የቀኑ ሙቀት ሌሊት ከተቆጠረው የተወሰነውን ይሰርዛል። ስለዚህ የሰሜኑን ዝርያ ማምጣት ቁማር ነው። የደቡቡን ፈልጉ። ቢሎክሲ የሚባለው በ1998 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ዝርያ ብርድ እምብዛም አይጠይቅም። ፔሩን የብሉቤሪ አገር ካደረጓት ዝርያዎች አንዱ እሱ ነው። ጎረቤታችን ኬንያም ደጋዋ ላይ ብሉቤሪ ታመርታለች። ሸዋ ሮቢት ላላችሁ ግን ይቅርባችሁ፣ ማንጎና ፓፓያ አላችሁ፣ ምን ጎደላችሁ?

የእኛ እውነተኛ ጣጣ ውርጭ ነው። ተክሉ ራሱ ብርድ ይችላል፣ የተከፈተ አበባ ግን ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ላይ ይቃጠላል። እዚህ ተክሉ ወቅቱን በትክክል ስለማይቆጥር በኅዳርም ያብባል፣ በጥርም ያብባል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ የሌለበት ማታ ካያችሁ ተጠንቀቁ፣ ሊነጋጋ ሲል ነው የሚመታው። ማታ አፈሩን አጠጡት፣ እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛል። አሮጌ አንሶላ ጣል አድርጉበት። ላስቲክ ከሆነ ቅጠሉን እንዳይነካ በእንጨት ደግፉት። ከሁሉ የሚሻለው በርሜሉን ወደ ድንጋይ ግድግዳ ማስጠጋት ነው። ቀን ፀሐይ የጠጣው ድንጋይ ሌሊት ሙቀቱን ይመልሳል። መሬት ላይ የተተከለውን ማን ያንቀሳቅሰዋል?

የቀረው ቀላል ነው። ማዳበሪያ ስትሰጡ ናይትሮጂኑ በአሞኒየም መልክ ይሁን፣ ተክሉ ናይትሬት አይስማማውም። አሞኒየም ሰልፌት ከተገኘ አንድ የሻይ ማንኪያ ለወጣት ተክል በስድስት ሳምንት አንዴ፣ በውሃ አስከትሎ። ካልተገኘ ዩሪያ ከዚያ ባነሰ መጠን። በመጀመሪያው ዓመት አበባውን ቀንጥሱት። ልብ ይጠይቃል፣ ግን ጉልበቱ ወደ ሥር ይሂድ። ፍሬ የሚይዘው ባለፈው ዓመት ባደገው ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ ካረጀ በኋላ አሮጌውን ከታች መቁረጥ ነው። ሁለት ዓይነት ዝርያ ጎን ለጎን ካለ ንብ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትመላለስ ፍሬው ይፋፋል። ሲጠቁር ቶሎ አትልቀሙት፣ ሳምንት ያህል ጠብቁ። ከተለቀመ በኋላ ጣፋጭነቱ አይጨምርም። ወፎቹ ግን አይጠብቁም፣ መረብ ያስፈልጋል።

ችግኝ ከየት? ፍሬውን በልቶ ዘሩን መዝራት አያዋጣም፣ የእናቱን ዓይነት አይወጣም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ በሻንጣ ይዞልኝ ይምጣ የምትሉም አላችሁ። ተክል ያለ ኳራንቲን ፈቃድ አይገባም፣ ደግሞም ለበጎ ነው፣ በሥሩ አፈር የሚመጣው በሽታ ለሰፈሩ ሁሉ ይተርፋል። ከሚሸጥ ሰው ስትገዙ የዝርያውን ስም ጠይቁ። «ብሉቤሪ ነው፣ በቃ» ካላችሁ እለፉት። እኔ እንዲህ ብሎ ከሸጠልኝ ሰው የገዛሁት ችግኝ ሁለት ዓመት ቅጠል ብቻ አውጥቶ አንድ አበባ ሳያሳየኝ ቀርቷል።

አሁን ሁለት በርሜል አለኝ፣ በስተምሥራቅ ካለው የድንጋይ ግድግዳ ሥር። ዘንድሮ መጋቢት ላይ የመጀመሪያውን እፍኝ ለቀምን። ሰባት ሰው ስለነበርን ለአንድ ሰው አራት አራት ፍሬ ደረሰ። እማዬ ያደገችው ቡልጋ ነው። አንዱን አፏ ውስጥ አገላበጠችው፣ ቆየች፣ ዋጠችው። ከዚያ «ደግ ነው» አለች። «አጋም ግን ይበልጠዋል።»